ልብስ ገዥውን የጀርመን ኩባንያ መጠየቅ ይቻላል?

«ሐዋሳ ስፌት ፋብሪካ ማሽን የእህቴን ጣት ቆረጠ፤ ልብሱን የሚገዛውን የጀርመን ኩባንያ መጠየቅ እንችላለን?» ላልከው፦

ትችላላችሁ፤ ካሳውን ግን መጀመሪያ ከአሠሪዋ ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሥራ ባትገባም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ታገኛለች።

ጎን ለጎን ለገዥው ቅሬታ መቀበያ በጽሑፍ አመልክቱ። ትልልቅ የጀርመን ኩባንያዎች ይህን እንዲያዘጋጁ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተገደዋል። ዝም ካሉ ባፋ ለተባለው የጀርመን መንግሥት መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ባፋ ኩባንያውን ይመረምራል እንጂ ለእህትህ ካሳ አይቆርጥም። የምትሰፋውን ልብስ ሌብል ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሱ፤ ያለ እሱ ገዥው «የእኛ ሥራ አይደለም» ይላል።

ቀኑን ጠብቁ! በ2012 እ.ኤ.አ. በፓኪስታኗ ካራቺ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ተጎጂዎቹ ልብሱን ይገዛ የነበረውን የጀርመን ኩባንያ ኪክን በጀርመኗ ዶርትመንድ ከተማ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2019 ክሱ በፓኪስታን ሕግ በይርጋ ታግዷል፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ሆነ። በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ያለው የመክሰሻ ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው።