ማሊያዬን ላቃጥለው? ስለ ኳስ ድጋፍ የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል የማገለግል ወጣት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ደጋፊ ስልዎት የምሬን ነው፤ ጨዋታ አያመልጠኝም። በቀደም አብሮኝ የሚያገለግል ወንድም «ደረትህ ላይ ሰይጣን ለጥፈህ ነገ ደግሞ ልትቆርብ ነው?» አለኝ፤ የክለቡ አርማ ላይ የሰይጣን ምስል ስላለ ነው። እሱ የአርሰናል ደጋፊ ስለሆነ መጀመሪያ ሳቅኩበት። ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ኳስ መደገፍ ኃጢአት ነው? ማሊያውንስ ላቃጥለው? የ2017 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ማታ ቡድኔ ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር ያደረገውን ጨዋታ ሳይ አምሽቼ ስቅለት ዕለት ስግደት ላይ ማርፈዴም እስካሁን ይከነክነኛል። አልፎ አልፎ ውርርድም እሞክራለሁ። ቡድኔ እንዲያሸንፍ ብጸልይስ ነውር ይሆን?

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን።

ከማሊያው እንጀምር፤ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ነውና። ክለቡ ሲመሠረት ከሰይጣን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1878 የባቡር ሠራተኞች ኒውተን ሂዝ ብለው ያቋቋሙት ቡድን ነው። የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1902 ነው። «ቀያይ ሰይጣኖች» የሚለው ቅጽልም መጀመሪያ የእነሱ አልነበረም። የጎረቤታቸው የሳልፎርድ ራግቢ ቡድን በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ሄዶ ሲጫወት የዚያ አገር ጋዜጠኞች ያወጡለት ስም ነው። በ1960ዎቹ አሠልጣኙ ማት በዝቢ ተቃራኒን ያስፈራል ብለው ለራሳቸው ቡድን ወሰዱት። ያቺ ባለ ሦስት ጣት ጦር የያዘች ምስል አርማው ላይ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩ ፉከራ እንጂ አምልኮ አይደለም። ማሊያውን ስለለበስክ ሃይማኖትህን አልካድክም። ወንድምህም ይሄን አያጣውም፤ ግማሹ ብሽሽቅ ነው።

ግማሹ ግን ብሽሽቅ አይደለም። በተጠመቅህበት ዕለት ክርስትና አባትህ ስለ አንተ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ «እክሕደከ ሰይጣን» (ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ) ብሎልሃል። ያንን የካድከውን በቀልድም ቢሆን ደረትህ ላይ ይዘህ ወደ ቤተ መቅደስ መምጣት አያምርም። አንተ ደግሞ ከፊት ቆመህ የምትዘምር ነህ። ሕፃናቱ ያዩሃል። ቅዱስ ጳውሎስ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ብሏል (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። ሥጋው ርኩስ ሆኖበት አይደለም። ለሌላው ሲል ነው።

ስለዚህ አታቃጥለው፤ ማሊያ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘኸው አትምጣ። ወንድምህም የአርሰናልን ባለ መድፍ ማሊያ ይዞ አይምጣ። እሑድ ጠዋት በነጭ ነጠላ ሥር የተጫዋች ስምና ቁጥር ሲታይ ከኋላ የቆመ ሰው ዓይኑን ወዴት ያድርግ? ለጨዋታ ቀን ደግሞ አርማ የሌለው ቀይ ልብስ ቢሆንልህ ደስ ይለኛል። ይሄ ምክሬ ነው፤ ቀኖና አላወጣሁብህም።

ኳስ መደገፍ በራሱ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ከምትፎካከሯቸው ክለቦች ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ የወጡ አሉ። የከተማችሁ ባላጋራ ማንቸስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1880 የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ቡድን ሆኖ ነው የጀመረው። ሳውዝሃምፕተን ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ወጥቶ ዛሬም «ቅዱሳኑ» ይባላል። ኤቨርተንም ከአንድ የጸሎት ቤት ነው የተነሳው። የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የሰማዕቱን ስም ይዞ ሜዳ ይገባል። (ይሄ የራሱ ጣጣ አለው። ክለቡ ሲሸነፍ በስሙ ላይ የሚወርደውን ስድብ ስታዲየም የገባ ሁሉ ያውቀዋል። የተሸነፈው አሥራ አንድ ተጫዋች ነው እንጂ ሰማዕቱ አይደለም።) ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ተጋድሎ ሲያስተምር ሩጫውንና ቡጢውን ነው ምሳሌ ያደረገው። የቆሮንቶስ ሰዎች የሚያውቁትን አንስቶ አስተማራቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያው ሐዋርያ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ በእኔ ላይ ግን ምንም አይሠለጥንብኝም» ይላል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። የሠለጠነብህ መሆኑን በምን ታውቃለህ? በጩኸትህ አይደለም፤ ጮክ ብሎ የሚደግፍ ጤነኛ ሰው አለ። ጨዋታውና የእግዚአብሔር ሰዓት ሲጋጩ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ተመልከት። ሌላ መለኪያ አላውቅልህም።

አንተ ራስህ ያነሳኸው ያ ሐሙስ እኮ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.። ጨዋታው እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀመረ። 2 ለ 0 ስትመሩ ነበር፤ አቻ ሆነ፤ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ፤ ሊዮን 4 ለ 2 መራ። ከዚያ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሦስት ጎል ተቆጠረና 5 ለ 4 አለቀ። እኩለ ሌሊት አልፏል። እንዲህ ዓይነቱን ጨዋታ ጥሎ መነሳት ቀላል ነው ብዬ አላሾፍብህም። ግን ያቺ ሌሊት ምን ሌሊት ናት? ጌታ በጌቴሴማኒ «አንዲት ሰዓት እንኳ ከእኔ ጋር ልትተጉ አልቻላችሁም?» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን የወቀሰባት ናት። እነሱ ደክሟቸው ተኝተው ነበር። አንተ አልተኛህም። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ዓይንህን ሳትነቅል ነቅተሃል። መንቃት ትችላለህ ማለት ነው። ነገሩ ለማን እንደነቃህ ነው።

ብቻህን አይደለህም። የዚያኑ ሳምንት ረቡዕ አርሰናል ሪያል ማድሪድን ማድሪድ ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በዚያ በሰሙነ ሕማማት ስንቱ ምእመን ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቆ እንደነበር ለወንድምህ ንገረው። ቀን ግብረ ሕማማት ሲነበብ ቆሞ የሰማ፣ ለሰላምታ እንኳ እጁን ያልዘረጋ ሰው ማታ በጎል ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። የአውሮፓ ውድድሮች የጥሎ ማለፍ ዙር ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር መግጠሙ የታወቀ ነው። እዚህ አዲስ አበባ የእሑዱ ቅዳሴና የእንግሊዝ ሊግ እንኳ ብዙም አይጋጩም፤ እነሱ ሲጀምሩ እኛ ዘንድ ከቀትር በኋላ ሆኗል። ዋሽንግተን ያሉት ወገኖቻችን ናቸው የከፋ ፈተና ያለባቸው። ለንደን ላይ ከቀትር በኋላ የሚጀመረው የእሑድ ጨዋታ እነሱ ዘንድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ልክ ቅዳሴው ሲጋመስ። ስልኩ በነጠላ ውስጥ ይበራል፤ ከዲያቆኑ ድምፅ ጋር ውጤት ይታያል።

አዲስ ነገርም አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ሊቀ ጳጳስ ሳለ ሕዝቡ ዓርብ ቀን፣ ጌታ የተሰቀለበትን ቀን ትቶ ወደ ፈረስ እሽቅድምድሙ ነጎደበት። ያ ሕዝብ ከጥቂት ቀን በፊት ዝናቡ እህላችንን አጠፋብን ብሎ ምሕላ ይዞ ሲያለቅስ የነበረ ነው። አባታችን በጣም ነው ያዘኑት። ቀጥሎም በጉባኤ ፊት አምርረው ገሠጹ።

ምን ላድርግ ብትለኝ፣ ያለፈውን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። «ኳስ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብለህ አትዝለለው። ቀጥሎ በሚመጣው ጾም ደግሞ በጣም የምትጓጓለትን አንድ ጨዋታ ምረጥና ተወው። ውጤቱንም እስከ ጠዋት አትይ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ዳዊትህን ድገም። እጅህ ኪስህን ሲዳብስ፣ ጆሮህ ከጎረቤት የሚመጣውን ጩኸት ሲያደምጥ ራስህን ታዝበዋለህ። ማንም መምህር ሊነግርህ የማይችለውን ያቺ ሌሊት ትነግርሃለች። ለነገሩ የዚያን ዓመት የዩሮፓ ሊግ ዋንጫውንም አላነሳችሁትም፤ በፍጻሜው ቶተንሃም 1 ለ 0 አሸነፋችሁ። ይቅርታ፣ ይሄ ከመልሱ ውጪ ነው።

ስለ አንደበት አልጠየቅከኝም፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። ብሽሽቅ እወዳለሁ። ማንቼ አርሰናልን ያሸነፈበትን 8 ለ 2፣ አርሴ ሳይሸነፍ የሄደባቸውን 49 ጨዋታዎች እያነሳ ቢሰዳደር... አየህ፣ «ቢቀላለድ» ልል ነበር። እዚህ ላይ ነው ድንበሩ የሚጠፋው። በእናት ሲሰደብ፣ በዘር ሲነካካ፣ አብረው የዘመሩ ልጆች ሰኞ ሰላም ሳይባባሉ ሲተላለፉ ቀልዱ አልቋል። መጽሐፍ «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» ይላል (ምሳ. 24፥17)። ጠላትህ ቢወድቅ ነው ያለው፤ ወንድምህማ እንዴት ይሁን? ቆሮንቶስ ላይ «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» ተባብለው የተከፋፈሉትን ታውቃለህ። እነሱ ቢያንስ በሐዋርያት ስም ነበር። እኛ በማናውቀው አገር ቡድን ተለያየን።

ይሄ ሲብስ የት እንደሚደርስ ቁስጥንጥንያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ532 የእሽቅድምድሙ ደጋፊዎች፣ ሰማያዊዎቹና አረንጓዴዎቹ የሚባሉት፣ ያስነሱት ሁከት ከተማዋን አነደዳት። የዚያን ጊዜዋ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሀጊያ ሶፊያ ተቃጠለች። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ የሞቱትን 30,000 ያህል ያደርሳቸዋል። እርግጥ የግብርና የፖለቲካ ብሶትም ነበረበት። ግን ሰውን ያሰባሰበው የደጋፊ ማኅበር ነው።

ቤትህንም አስብ። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ፊቱን አጥቁሮ የሚገባ ባል አለ። ሚስቱ ውጤቱን ከአገባቡ ታውቀዋለች። ሽሮውን ድምፅ ሳታሰማ ታቀርባለች፤ ልጆቹን «ዛሬ አባታችሁን አታስቸግሩት» ትላለች። እሱ አንድም ቃል ክፉ አልተናገረም። ቤቱ ግን ለቅሶ ቤት ሆኗል።

ውርርዱን በተመለከተ አላለሳልስልህም። ተወው። አሥር ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ደርድሮ፣ ዘጠኙ ገብቶለት በአሥረኛው በባከነ ሰዓት የተበላ ልጅ በነጋታው አይተውም፤ ይብሰዋል። «ትንሽ ቀርቶኝ ነበር» የሚለው ሐሳብ ነው የሚጎትተው። በሕግ ፈቃድ ያለው ቤት መሆኑ ቁማርነቱን አያስቀረውም። ሌላው ሲከስር የምታገኘው ገንዘብ ነው፤ አስገብቶትም የተረፈው ጥቂት ነው። ደግሞም ልብ በል፤ ከተወራረድክ በኋላ ጨዋታውን እንደ ጨዋታ ማየት አትችልም። የምትወደውንም ነገር ይወስድብሃል።

የመጨረሻው ጥያቄህ ጸሎት ነበር። ልጅ ለአባቱ የልቡን ቢነግር ነውር የለውም። ግን ያ የአርሰናል ደጋፊ ወንድምህም በዚያው ሰዓት፣ ምናልባት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የራሱን እየነገረ ነው። ተጫዋቾቹ ሳይሰበሩ፣ ደጋፊው ሳይጣላ እንዲገባ ጸልይ፤ ለሁለታችሁም የሚሆን ጸሎት ነው። ስእለት ግን አትሳል። «ማንቼ ዋንጫ ካነሳ ጃንጥላ አስገባለሁ» የሚል ሰው አለ፤ እየሳቀ ይጀምረዋል። የተሳልከውን ለመፈጸም አትዘግይ ተብሏል (መክ. 5፥4)፤ ቅዱሳንም የሊግ አማላጆች አይደሉም። ምናልባት ከዚህ በፊት ተስለህ ከሆነ በራስህ «ቀልድ ነበር» ብለህ አትፍታው። ለንስሐ አባትህ አቅርበውና እሳቸው የሚሉህን አድርግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።