ኤሌክትሮን ተካፈሉ ወይስ ተጋሩ?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ኬሚስትሪ ጀምራለች። ሳስጠናት በአንድ ነገር እንጨቃጨቃለን። እሷ «ሶዲየምና ክሎሪን ኤሌክትሮን ተካፈሉ» ብላ ትጽፋለች፤ እኔ «ተጋሩ» በይ እላታለሁ። ማናችን ነን ልክ? አቶሞችስ «ታሰሩ» ነው «ተሳሰሩ» የሚባሉት?

መልስ፦ በዚህኛው ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። ሶዲየምና ክሎሪን ኤሌክትሮን አይካፈሉም፣ አይጋሩምም። ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል።

ግሱን ከመምረጥዎ በፊት ኤሌክትሮኗ መጨረሻ ላይ ማን ዘንድ እንዳለች ይመልከቱ። የሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች ከውስጥ ወደ ውጭ በየረድፉ 2፣ 8፣ 1 ሆነው ይደረደራሉ። የክሎሪን 17ቱ ደግሞ 2፣ 8፣ 7። ሶዲየም ያቺን የውጭ ብቸኛ ሲሰጥ 10 ይቀሩትና አዎንታዊ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ይሆናል። ክሎሪን ተቀብሎ 18 ይሞላና አሉታዊ አዮን ይሆናል። ኤሌክትሮኗ ባለቤት ቀየረች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አዮኖቹን የሚያያይዛቸው የተቃራኒ ቻርጅ ስበት ነው፤ አዮናዊ ቦንድ (ትስስር) የምንለውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ «ተሳሳቡ» ማለት ይቻላል። «ተሳቡ» ካሉ ግን ከውጭ ሆኖ የሚጎትታቸው ሌላ አካል ያለ ያስመስላል።

የእርስዎ «ተጋሩ» ቦታው ሌላ ጋ ነው። ሁለት የክሎሪን አቶሞች ሲገናኙ የውጭ ረድፋቸው 8 እንዲሞላ ለሁለቱም አንድ አንድ ኤሌክትሮን ይጎድላቸዋል። ታዲያ ማን ሰጪ ይሁን? እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ያዋጡና ጥንዱን በጋራ ይይዙታል። ኮቫለንት ቦንድ ይህ ነው። የእህትዎ «ተካፈሉ» እዚህም አይሠራም። ወንድማማቾች ውርስ ተካፈሉ ሲባል እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ሄደ ማለት ነው። አንድ ክፍል ተጋሩ ሲባል ግን ክፍሉ አልተከፈለም፤ የሁለቱም ነው። አቶሞቹ አንድ አንድ ኤሌክትሮናቸውን ይዘው ቢለያዩማ ቦንዱ ፈረሰ!

ተማሪዎች «ሼር አደረጉ» ማለት ይወዳሉ። አልቃወምም። ብቻ ስልክ ላይ ሼር ማድረግ ቅጂ መላክ ሆኗል፤ ኤሌክትሮን ደግሞ ቅጂ የለውም።

ደግሞ «ተጋሩ» ስላልን እኩል ነው ማለት አይደለም። በሃይድሮጅን ክሎራይድ ውስጥ ክሎሪን ኤሌክትሮን የመሳብ አቅሙ ስለሚበልጥ ጥንዱ ወደ እሱ ያደላል። «ያደላል» ለዚህ የተፈጠረ ግስ ይመስለኛል። ኤሌክትሮኖቹ ሙሉ በሙሉ አልሄዱም፣ መሀል ላይም አልቆሙም። ፖላር ኮቫለንት የሚባለው ይህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ «ተሳሰሩ» ነው የሚባለው። «ታሰሩ» አሳሪ ይፈልጋል፤ ፖሊስ የመጣባቸው ይመስላል። «ትስስር» የሚለው ስምም የወጣው ከ«ተሳሰረ» ነው።

እግረ መንገድዎን፣ እህትዎ ደብተር ላይ «የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪውል» የሚል ካገኙ ያርሙላት። በጠጣሩ ጨው ውስጥ አንዱ የሶዲየም አዮን በ6 የክሎራይድ አዮኖች ተከብቧል፤ አንዱ ክሎራይድም እንዲሁ በ6 የሶዲየም አዮኖች። የትኛው የየትኛው ጥንድ እንደሆነ መለየት ስለማይቻል «ክሪስታል» ብትል ይሻላል።