የሠለጠነችው ነርስ ሄደች፤ በሽተኞቹስ?

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ ገጠር የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና የነበራት አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች፤ እሷም ተዛወረች። የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የወር መርፌ የሚወጉ፣ አረቄ አልለቅ ያላቸው ሰዎች በገበያ ቀን እየመጡ ይመለሳሉ። የሳይካትሪ ባለሙያ እንዲመደብልን ብንጠይቅ “በጀት የለም” ተባልን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሳይካትሪ ባለሙያ እስኪመደብ አይጠብቁ። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመረቁትም አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ናቸው። ከደሴ አልፎ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወርድ ስፔሻሊስት በቅርብ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምኤችጋፕ የተባለውን ፕሮግራም ያወጣውም ይህንኑ አይቶ ነው፤ ነርስና ጤና መኮንን አጭር ሥልጠና ወስደው የሚጥል በሽታን፣ ሳይኮሲስን (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም)፣ ድብርትንና የመጠጥ ሱስን እዚያው እንዲያክሙ።

ነርስ መዛወሯ ያለ ነገር ነው፤ ትዳር አላት፣ ትምህርት አላት። አንድ ሰው ብቻ አሠልጥኖ መቀመጥ ግን አይገባኝም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? በሳይካትሪ ነርስነት ወሎ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት፣ ለሥልጠና የሚሄደው ሰው በአበል ተራ ተመርጦ፣ ሲመለስ ክትባት ክፍል ሲመደብ ነው። እና በጀቱን ትተው የሥልጠና ቦታ ይጠይቁ፤ ለሁለት ሰው። አንዱ መድኃኒት የሚያዝ ጤና መኮንን ይሁን። ቤተሰቡ እዚያው ያለ የአካባቢው ልጅ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይሸጋሸጉ በቃለ ጉባኤ ያስይዙ። ባልደረቦቹ “የእብድ ሐኪም” እያሉ እንዳይቀልዱበትም እርስዎ ራስዎ የአእምሮ ሕክምናውን ክፍል ደጋግመው ይግቡበት።

እስከዚያው መዝገቡን ያውጡና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኖባርቢታል የሚወስዱትን ለይተው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ያስጠሩ። የታዘዘውን ማስቀጠል ማንኛውም ጤና መኮንን ይችላል። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሳያባራ ተደጋግሞ ሊጥል ይችላል፤ ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግር የወደቀች ሴት ምን ሆና እንደምትመጣ ለእርስዎ አልነግርም። ሌላም መዘዝ አለ። በየሁለት ወሩ የምትልኩት የመድኃኒት መጠየቂያ የሚሰላው ካለፈው ፍጆታ ነው። አንድ ዙር ማንም ሳይወስድ ካለፈ ፍጆታው ዜሮ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ዙር መድኃኒቱ አይመጣም። ባለሙያ ስታገኙ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ይቆያችኋል።

አረቄው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ “ሳምንት ቆልፈንበት ይተወዋል” ይላል። ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጠጡን በአንዴ ቢያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ደግሞ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይቃዣል፣ ልብሱ ላይ የሌለ ነፍሳት ማራገፍ ይጀምራል። ጎረቤት “ጂን ነው” ይላል፤ እሱ ግን ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ዲያዚፓም የተባለው ማረጋጊያ እየተቀነሰ ወደሚሰጥበት፣ ሌሊትም ሰው ወደሚያየው ሆስፒታል ላኩት። ደክሞ ለመጣ ጠጪ ግሉኮስ መስቀል ልማዳችን ነው፤ ታያሚኑ (ቫይታሚን ቢ1) ይቅደም። መጠጡ ገና እዚህ ያልደረሰውን ግን እናንተው ጋ፣ በቀጠሮ፣ ሚስቱን ወይም ወንድሙን አብሮ አስቀምጦ ማነጋገር ይበቃል።

ጫት ሲቆም እንዲህ አያስፈራም፤ ሰውዬው ቀናት ይተኛል፣ ይከፋዋል፣ ክፉ ሕልም ያያል፣ ያልፋል። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለ ጨብሲው ነው፤ ከበርጫ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ስንት መለኪያ ይጠጣል? ወጣቶቹ ጫቱን ይናገራሉ፣ መጠጡን ይደብቃሉ። የወር መርፌ የሚወጋ ሰው መቃም ከጀመረ ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽበት ስለሚችል ቀጠሮውን አቅርቡት።

ወሎ ነውና ፀበልም ዱዓም አይቀርም፤ መከልከል ትርፉ በሽተኛውን ማጣት ነው። ቄሱንም ሼኹንም ሄደው ያነጋግሩ። “መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ና” ካሉት ከእኛ ይልቅ እነሱን ይሰማል።

በአቅራቢያችሁ ሆስፒታል ካለ የሳይካትሪ ነርስ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ቁርጥ ያለ የስልክ ሰዓት ይያዙ። ሪፈር ስትጽፉም “የአእምሮ ሕመም፣ ለተሻለ ሕክምና” ብላችሁ ብቻ አትላኩ። መድኃኒቱን ከነመጠኑ፣ መርፌው መጨረሻ የተወጋበትን ቀን፣ መጨረሻ የጣለውን ቀን፣ የአስታማሚውን ስልክ አስፍሩበት፤ ሆስፒታሉም መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጠው ለአስታማሚው ንገሩት፤ ክትትሉን የምትቀጥሉት እናንተው ናችሁና።