የእኩልነት ባለሙያዋ ራሷ ስትሰናበት ሕጉ የሚጠብቃት በምንድን ነው?

ጥያቄ፦

«ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የዳይቨርሲቲና ኢንክሉዥን (ዲ.ኢ.አይ.፣ የብዝኃነት፣ የእኩልነትና የአካታችነት) ክፍል ባለሙያ ነበርኩ። ዕድሜዬ 43 ነው። በክፍሉ አራት ነበርን። ባለፈው ኦክቶበር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ነርሲንግ አሲስታንቶች ሁልጊዜ የሌሊት ሺፍት ላይ ይመደባሉ። እድገት ሲጠይቁ ደግሞ ‹አክሰንታችሁ ለታካሚ ይከብዳል› ይባላሉ። ይህን ለአለቃዬ በኢሜይል ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ የሚጠራኝ ጠፋ። በማርች ክፍሉ ተዘጋ ተባለ። ሁለቱ ባልደረቦቼ ወደ ኤች.አር. (የሰው ኃይል ክፍል) ተዛወሩ፤ እኔና አንዷ ተሰናበትን። አለቃዬ ‹እንዲህ ዓይነት ነገር መጻፍ ሥራሽ ነበር፤ አቤቱታ አይባልም። ደግሞ ዲ.ኢ.አይ. አሁን ሕገወጥ ነው፤ ለአፍሪካውያን ያቋቋምሽው የሜንተርሺፕ ፕሮግራምም ራሱ አድልዎ ነበር› አለኝ። ንግግራችንን ሳይነቃ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። የሦስት ወር ደመወዝ የሚሰጥ የሰቨራንስ (የስንብት ክፍያ) ውል ሰጥተውኝ በሰባት ቀን ፈርሚ ብለውኛል። መክሰስ እችላለሁ? ልፈርም?»

የሲልቨር ስፕሪንግ አንባቢ

መልስ፦

እህቴ፣ በቅድሚያ ሁለት ነገር። ውሉን ገና አይፈርሙ። በስልክዎ የቀዱትን ንግግርም ለማንም አይላኩ፤ ለጓደኛም፣ ለቴሌግራም ግሩፕም፣ ለራሱ ለኤች.አር.ም ቢሆን። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። አሠሪ አንድን ክፍል መዝጋት ይችላል። የዳይቨርሲቲ ክፍልም ከዚህ የተለየ ጥበቃ የለውም። በሥራ ቦታ የዘር እኩልነት እንዲሰፍን መሥራት ክቡር ሙያ ነው፤ ሆኖም የሥራ መደቡን «አይነካም» የሚል ሕግ አሜሪካ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ክፍሌን ዘጉብኝ» ብለው ብቻ ቢከሱ ሩቅ አይሄዱም። ሕጉ የሚጠብቅልዎ ያንን የኦክቶበር ኢሜይል ነው። ጉዳይዎን ያጠናሁት በዚህ ዓይን ነው፤ ጠበቃዎም እንዲያ ቢያየው ደስ ይለኛል።

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሰቨን የሚባል ክፍል አለው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። በዚያ ላይ አድልዎን የተቃወመ ሠራተኛ ላይ የበቀል እርምጃ መውሰድ ክልክል ነው። ተቃውሞው ጥበቃ እንዲያገኝ አድልዎ መፈጸሙን ማረጋገጥ አይጠበቅብዎትም። በቅን ልቦና፣ ምክንያታዊ በሆነ እምነት መቃወምዎ በቂ ነው።

የእርስዎ እምነት ደግሞ መሠረት አለው። አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር የተያያዘ ነገር ነው። አሠሪ በአክሰንት ምክንያት እድገት ሊከለክል የሚችለው አነጋገሩ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ሲሆን ብቻ ነው። «ለጆሮ ከበደኝ» በቂ ምክንያት አይሆንም። ሺፍቱን በተመለከተ ደግሞ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሴንት ሉዊስ በመጣች አንዲት የፖሊስ ሳጅን ጉዳይ ጠቃሚ ውሳኔ ሰጥቷል። ሳጅኗ ደመወዟና ማዕረጓ ሳይቀነስ ከቦታዋ ተዛውራ፣ የሥራ ሰዓቷም ተለውጦባት ነበር። ብዙ የሥር ፍርድ ቤቶች ቀድሞ «ከባድ ጉዳት» ካልደረሰ እያሉ እንዲህ ያለውን ክስ ይጥሉ ነበር። አሁን በሥራ ሁኔታ ላይ የተወሰነ ጉዳት መድረሱን ማሳየት ይበቃል። ሁልጊዜ ሌሊት መመደብ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

«ሥራሽ ነበር፤ አቤቱታ አይባልም» ያሉዎት አለቃ ይህን ከራሳቸው አላመነጩትም። በአንዳንድ ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት ያገኘ ክርክር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የሠራተኞችን ቅሬታ መከታተል ሥራው የሆነ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ ሥራውን እየሠራ እንጂ አሠሪውን እየተቃወመ አይደለም። እኔ ይህን ክርክር አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ቢሰፋ ኖሮ አድልዎን ቀድመው የሚያዩት ሰዎች፣ ማለትም እንደ እርስዎ ያሉት ባለሙያዎች፣ ለመናገር ከሁሉ ያነሰ ከለላ ይኖራቸው ነበር።

ደግነቱ እርስዎ ሜሪላንድ ነዎት። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ሁለቱ ካሮላይናዎች ያሉት አራተኛው ሰርኪዩት በሚባለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሥር ነው። ይህ ፍርድ ቤት በ2015 ዲማስተርስ የተባሉ ሰው በካሪሊዮን ክሊኒክ ላይ ባቀረቡት ክስ ጥያቄውን በቀጥታ መልሶታል። ከሳሹ የሠራተኞች ድጋፍ አማካሪ ነበሩ። ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰበትን ሠራተኛ ሲረዱ ከአሠሪው ወገን አልቆምክም ተብለው ተባረሩ። ፍርድ ቤቱ «ሥራህ ስለነበር ጥበቃ የለህም» የሚለው ክርክር በታይትል ሰቨን ውስጥ ቦታ የለውም ብሎ ጉዳዩ እንዲቀጥል አደረገ። ከዚያም በፊት፣ በ2000፣ ኦሃዮን የሚያስተዳድረው ስድስተኛው ሰርኪዩት የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የሰው ኃይል ምክትል ፕሬዚዳንት ባቀረቡት ክስ ተመሳሳይ አቋም ይዟል። ለሴቶችና ለአናሳ ወገኖች መከራከር የሥራቸው አካል መሆኑ ጥበቃውን አላሳጣቸውም። ጠበቃዎ እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ያውቃቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ካላወቁ ይንገሯቸው።

እንግዲህ ኢሜይልዎን ደግመው ያንብቡት። ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «ተቋማችን የበለጠ አካታች ቢሆን ጥሩ ነው» የሚል ብቻ ከሆነ ደካማ ነው፤ አጠቃላይ የፖሊሲ ሐሳብ እንደ ተቃውሞ አይቆጠርም። «ጥቁር አፍሪካውያን ሠራተኞች በዘራቸውና በአክሰንታቸው ምክንያት ሌሊት ይመደባሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም» የሚል መንፈስ ካለው ግን ጠንካራ ነው። የሕግ አንቀጽ መጥቀስ አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ክፍል ነው፤ ሳላለባብስ ልንገርዎ። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበቀል ክስ የሚያቀርብ ሰው «አቤቱታው ባይኖር ኖሮ አልባረርም ነበር» የሚለውን ማሳየት አለበት ብሏል። ሆስፒታሉ «ክፍሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ እሷ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ነገር የለም» ብሎ ይከራከራል። ከኦክቶበር እስከ ማርች ያሉት ወራትም በራሳቸው ብዙ አያሳምኑም። ፍርድ ቤቶች በጣም የተቀራረበ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ያተኩሩ። አንደኛው ከኢሜይሉ በኋላ ከስብሰባ መገለልዎ ነው። ቀናቱን፣ እነማን እንደተጠሩ፣ ቀድሞ ግን ሁልጊዜ ይጠሩ እንደነበር ይጻፉ። ክፍተቱን የሚሞላው ይህ ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የሁለቱ ባልደረቦችዎ መዛወር ነው። እነሱ ተቃውመው ያውቃሉ? የሥራ ልምዳቸው ከእርስዎ ይበልጣል? ለኤች.አር. ቦታው እንዲያመለክቱ ተጠይቀው ነበር ወይስ ዝም ብለው ተመደቡ? ከእርስዎ ጋር የተሰናበተችው ሴትስ ተናግራ ነበር? ዝም ያሉት ቆይተው የተናገሩት ከወጡ፣ «ክፍሉ ተዘጋ» የሚለው መልስ ይሳሳል።

ስለ ዲ.ኢ.አይ. ሕገወጥነት የተባለው ግማሽ እውነት ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቁጥር 14173 የፌዴራል ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች እንዳያዳሉ ያዘዘውን የ1965ቱን የፕሬዚዳንት ጆንሰን ትእዛዝ ሽሯል። የፌዴራል ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶችም ፀረ አድልዎ ሕግን የሚጥስ ፕሮግራም እንደሌላቸው እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ብዙ ተቋማት ደንግጠው ክፍሎቻቸውን የዘጉት ከዚህ ወዲህ ነው። ነገር ግን ፕሬዚዳንት በትእዛዝ የኮንግረስን ሕግ መሻር አይችልም። ታይትል ሰቨን እንዳለ ነው። እርስዎ የተቃወሙትም ዱሮም ዛሬም የተከለከለ ነገር ነው።

የሜንተርሺፕ ፕሮግራሙን ግን ቀለል አድርገው አይዩት። በሩ ለአፍሪካውያን ብቻ ክፍት ከነበረ ችግር አለበት፤ ታይትል ሰቨን የሚጠብቀው ማንኛውንም ሰው ነው። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንዲት የኦሃዮ ሠራተኛ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ አረጋግጦታል፤ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽም ከሌላው የከበደ ማስረጃ አይጠየቅም። ማንኛውም ነርሲንግ አሲስታንት መግባት ይችል ከነበረ ግን የሚያስፈራ ነገር የለም። ደግሞም ፕሮግራሙ እንከን ነበረው ቢባል እንኳ ለኢሜይሉ የተሰጠው ጥበቃ አይጠፋም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

አሁን በስልክዎ ወደ ቀዱት ንግግር። በሜሪላንድ የግል ንግግርን ለመቅዳት የሚነጋገሩት ሁሉ መፍቀድ አለባቸው። ያለ ፈቃድ መቅዳት እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ከባድ ወንጀል ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ከሚነጋገሩት አንዱ ከፈቀደ ይበቃል፤ ድልድይ ተሻግሮ የሚሠራ ሰው በዚህ በቀላሉ ይሳሳታል። አያጥፉት፣ አያሰራጩት፣ ለጠበቃ ብቻ ይንገሩ። በምትኩ አለቃዎ የተናገሩትን ከትዝታዎ ዛሬውኑ በወረቀት ያስፍሩ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቃላቱን። «መጻፍ ሥራሽ ነበር» ማለታቸው ለእርስዎ ይጠቅማል። ኢሜይሉን እንዳነበቡት ያሳያል፤ በበቀል ክስ አለቃው ስለ አቤቱታው ማወቁ መረጋገጥ አለበት።

በሰነድም ይጠንቀቁ። የሌላ ሠራተኛ የግል ማኅደር ወይም የታካሚ መረጃ ያለበት ነገር ይዘው ከወጡ ራስዎን ይጎዳሉ። በ2018 አራተኛው ሰርኪዩት የባልደረቦቿን ሚስጥራዊ ማኅደር ያለ ፈቃድ ኮፒ ያደረገች የኖርዝ ካሮላይና የእስር ቤት ተቆጣጣሪን ክስ ሳይቀበል ቀርቷል። አድራጎቱ የክልሉን ሕግ ይጥስ ስለነበር ጥበቃ አላገኘችም። የሺፍት ሰሌዳውን ጠበቃዎ በፍርድ ቤት በኩል ያስመጣዋል።

ስለ ሰቨራንሱ፣ ከፈረሙ በአብዛኛው ገንዘብ የመጠየቅ መብትዎን ይሸጣሉ። ለፌዴራሉ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን፣ ለኢ.ኢ.ኦ.ሲ.፣ አቤቱታ የማቅረብ መብትን ማንም ውል አይወስድም፤ ካሳው ግን ሊያመልጥዎ ይችላል። ሰባት ቀን የሚለው ራሱ ስህተት አለበት። ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ የዕድሜ አድልዎ መብቱን በውል እንዲተው ከተፈለገ ቢያንስ 21 ቀን ሊሰጠው ይገባል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው በአንድ ቅነሳ ሲሰናበት 45 ቀን ይሆናል፤ የተሰናበቱትና የቀሩት የሥራ መደብና ዕድሜም በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ከፈረሙ በኋላም ለመሻር ሰባት ቀን አለ። ይህ ጥበቃ የዕድሜ መብትን ብቻ ይመለከታል። ለዘር ክሱ ፍርድ ቤት የሚያየው አውቀውና ፈቅደው መፈረምዎን ነው። ቢሆንም ጊዜ ለመጠየቅ ጥሩ ምክንያት ነው። «ጠበቃ እስካማክር 45 ቀን ይሰጠኝ» ብለው በጽሑፍ ይላኩ። የሠሩበት ደመወዝ ደግሞ ፈረሙም አልፈረሙም የእርስዎ ነው።

ለኢ.ኢ.ኦ.ሲ. ማመልከቻ 300 ቀን አለዎት። ቀኑ የሚቆጠረው መሰናበትዎ ከተነገረዎት ዕለት ጀምሮ ነው፤ ብዙ ሰው ከመጨረሻው የሥራ ቀን ይቆጥርና ያልፍበታል። ቅጹ ላይ ሦስቱንም ይሙሉ፦ ዘር፣ ትውልድ አገርና የበቀል እርምጃ። የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ትውልድ አገር» ብቻ ሞልተው ይመለሳሉ። ይህ ያስከፍላል። ባርነት ከተሻረ በኋላ በ1866 የወጣ፣ ሴክሽን 1981 የሚባል ሌላ ሕግ አለ። እስከ አራት ዓመት ጊዜ ይሰጣል፣ በኢ.ኢ.ኦ.ሲ. ማለፍ አያስፈልገውም፣ የካሳ ጣሪያም የለውም። በታይትል ሰቨን ከ500 በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ እንኳ የጉዳትና የቅጣት ካሳው ተደምሮ ከ300,000 ዶላር አይበልጥም፤ የቀረ ደመወዝ ከዚህ ውጪ ነው። ይህ የ1866ቱ ሕግ የሚያየው ግን ዘርን፣ የዘር ሐረግንም ጨምሮ፣ ነው፤ የመጡበት አገር ብቻውን አይበቃም። ኮሚሽኑ የመክሰስ ፈቃድ ደብዳቤ ሲልክልዎ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ይኖርዎታል።

ጠበቃ ሲፈልጉ በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው፣ ለሠራተኞች ቆሞ የሚከራከር ይሁን። ብዙዎቹ ከሚገኘው ካሳ ድርሻ ይወስዳሉ። ካሸነፉ ሕጉ አሠሪው የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ አንባቢዎች ደግሞ ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ትችላላችሁ፤ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ አገልግሎት መጠየቅም መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርስዎ ባይጠይቁኝም። እነዚያ ነርሲንግ አሲስታንቶች የእርስዎ ኢሜይል ጉዳያቸውን የጀመረላቸው ሊመስላቸው ይችላል። አልጀመረላቸውም። እድገት የተከለከለችው እህት 300 ቀኗ የሚቆጠረው «አይሆንም» ከተባለችበት ቀን ነው፤ ማመልከቻውንም ራሷ ማስገባት አለባት። ስልካቸው ካለዎት ዛሬ ይደውሉላቸውና ቀኑን እንዲቆጥሩ ይንገሯቸው።