ፍራፍሬ ሳይጎዳ ገበያ እንዲደርስ፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ ሳወርድና ስጭን ዓመታት ሆነኝ። ስለ አስተሻሸግ የጠየቃችሁኝን እነሆ ልመልስ።

ከሐረር ወደ ድሬ ማንጎ በማዳበሪያ ከረጢት አወርዳለሁ። ሲደርስ ደህና ነው፤ በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል። ለምን?

አቦ፣ ማዳበሪያውን ተወው! የላዩ ክብደት በሙሉ የታችኛው ፍሬ ላይ ነው የሚያርፈው። ቆዳው ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተጨፍልቋል። የምታየው ጥቁረት የዚያን ቀን ጉዳት ነው። ፕላስቲክ ሳጥን ያዝ። ከአፉ ሁለት ጣት አጉድለህ ሙላው። እስከ አፉ ከሞላኸው የላዩን ሳጥን የሚሸከመው ማንጎው ይሆናል። ስትደራርብም ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይረፍ።

ካጎደልኩት አይናጥም?

ይናጣል እንጂ! የደንገጎን ጥምዝምዝ መንገድ ታውቀው የለ? ፍሬ ከፍሬ ሲፋተግ ቆዳው ይላጣል። ክፍተቱን በተጨማደደ ንጹህ ወረቀት ሙላው። ከዚያ ሳጥኑን ነቅነቅ አድርገው። ውስጡ ከተንኳኳ ገና ነው።

ጭድስ?

አልወደውም። ይቧጭራል፤ እርጥበት ከነካው ደግሞ ይሻግታል።

ፓፓያ አስቸገረኝ።

እህቴ፣ ፓፓያ በጣም ስስ ነው። ቢጫ መስመር ብቅ ሲልበት ይቆረጥ። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለሽ አንድ ረድፍ ብቻ ደርድሪ። በላዩ ሁለተኛ ረድፍ አትጨምሪ፤ እለምንሻለሁ። አንዴ አንድ ፓፓያ ላይ የጥፍር ምልክት አየሁ፤ ቀጭን ጨረቃ የምታህል። ነጭ ወተት ጠብ ብሎባት ነበር። በሦስተኛው ቀን እዚያው ቦታ ላይ ሻጋታ በቀለ። ከዚያ ወዲህ ጥፍሩን ያልቆረጠ ሰው ፓፓያ እንዲነካ አልፈቅድም።

ማንጎዬ ላይ ቡናማ የፈሰሰ ነገር ይታያል። በሽታ ነው?

ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ወተቱ ነው፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ስትቆርጥ አጭር አንገት ተውለት። በኋላ አንገቱን አሳጥረህ፣ ፍሬውን በተቆረጠው አንገቱ በኩል ወደ ታች ደፍተህ ወተቱን አንጠፍጥፈው። ወተቱ ሳይደርቅ ሳጥን ውስጥ አታስገባው፤ ጎረቤቱንም ያቃጥላል።

በድሬ ሙቀት ፍሪጅ ላስገባው?

ያልበሰለ ማንጎ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ ይጎዳል። በኋላም በወጉ አይበስልም። በማለዳ ቆርጠህ ቶሎ ጥላ ውስጥ አስገባው። ማታ ጫን። ሸራውን ሳጥኖቹ ላይ አታጣብቀው፤ በመሃል አየር ይለፍ።

ሙዝ አብሬ ብጭንስ?

የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ ማንጎውን ቶሎ ያበስለዋል። የበሰለ ደግሞ በቀላሉ ይጨፈለቃል። ለየብቻ ጫን።

ሳጥኑ ውድ ነው።

እውነት ነው። ግን ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ። መጀመሪያ በጥቂቱ ሞክር፤ አሥር ሳጥን፣ የቀረውን በማዳበሪያ። በሦስተኛው ቀን ከሁለቱም የተጣለውን ቁጠር። ሳጥኑን ከየጉዞው በኋላ በበረኪና ውሃ እጠበውና ፀሐይ ላይ አድርቀው።