የቪኤሙን ሰዓት ሁለት ሰው አይሙላው

ወንድሜ፣ ኬቪኤም (አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ቪኤም፣ ማለትም ለብዙ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያካፍለው የሊኑክስ ሥርዓት) ላይ ያለው ሊኑክስህ በቀን 4 ደቂቃ ወደኋላ እየቀረ፣ አንተ ደግሞ በየሰዓቱ በክሮን (ሥራን በቀጠሮ የሚያስኬደው) ኤንቲፒዴትን፣ ሰዓቱን በአንዴ የሚያስተካክለውን ትዕዛዝ፣ እያስኬድክ፣ ሎጉ ላይ ክፍተት አየሁ ብለሃል። ማየትህ አይቀርም! 4 ደቂቃ ለ24 ሲካፈል 10 ሴኮንድ ነው። በየሰዓቱ 10 ሴኮንድ ትዘላለህ ማለት ነው።

ክሮኑን አጥፋና መጀመሪያ ክሎክሶርሱን፣ ማለትም ሊኑክስህ ጊዜን ከምን እንደሚያነብ፣ እይ። ኬቪኤም ክሎክ ወይም ቲኤስሲ ካላለህ በሽታው እዚያ ሊሆን ይችላል። ሆስቱ (ቪኤሞቹን የተሸከመው ዋናው ኮምፒውተር) ሲፒዩውን ለሌላ ቪኤም ሲሰጥ ያንተው እንቅልፍ ላይ ነው፤ የሰዓት ምቱን እየቆጠረ የሚሄድ ከሆነ ያመለጠውን አያውቅም። ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያመሳስለው የድሮው ኤንቲፒዲ ደግሞ በቀስታ ማስተካከል የሚችለው በቀን 43 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ ያንተን አይችለውም። በእሱ ፋንታ ክሮኒን ጫን።

ሁለተኛው ነገር እኔን ያቃጠለኝ ነው። ቪኤምዌር ላይ ያለው ፋይል ሰርቨራችን ጠዋት በማለዳ የገባውን ሰው ሁሉ አላስገባም ይላል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው ይሠራል። ሦስት ቀን ሙሉ ፓስወርድ ስንቀይር ከረምን። ለካ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ባካፑ ስናፕሾት (የቪኤሙን የዚያን ቅጽበት ቅጂ) ሲያነሳ የቪኤሙ አጋዥ ሶፍትዌር የሆስቱን ሰዓት ይጭንበታል፤ ሆስቱ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ ስላላየው 20 ደቂቃ ዘግይቷል። የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያጣራው ኬርቤሮስ ደግሞ ካልቀየሩት በቀር ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገስም። ክሮኒ ከተነሳ ቆይቶ ስለነበር መዝለሉን ትቶ ቀስ እያለ ይመልሰዋል፣ አንዷን ሴኮንድ በ12 ሴኮንድ፤ ልዩነቱ ከ20 ወደ 5 ደቂቃ እስኪወርድ 3 ሰዓት ፈጀ። የሚገርመው የአጋዥ ሶፍትዌሩን የሰዓት ማመሳሰያ ምልክት አንስቼው ነበር። ስናፕሾት ሲነሳና ቪኤሙ ከእንቅልፍ ሲነቃ የሚያደርገው ግን ለብቻው ነው የሚጠፋው።

ስለዚህ ከክሮኒና ከአጋዥ ሶፍትዌሩ ሰዓቱን የሚሞላውን አንዱን ምረጥ፣ ሆስቱን ግን በምንም አትርሳ። ቪኤምህ ኢንተርኔት ከሌለው ወይም የሰዓት ማመሳሰያው ፖርት 123 ከተዘጋበት ፒቲፒ ኬቪኤምን (የሆስቱን ሰዓት ለቪኤሙ የሚያሳየውን የሊኑክስ ሞጁል) ጫንና ክሮኒ ከሆስቱ በቀጥታ እንዲያነብ አድርገው፤ ኬቪኤም ላይ እኔ አሁን የምጠቀመው እሱን ነው። ሜክስቴፕን (ክሮኒ መቼ ሰዓቱን በአንዴ እንደሚዘል የሚወስነውን ቅንብር) ሁሌም ዝለል ብለህ መተው ለፋይል ሰርቨር ይሆናል፣ ዳታቤዝ ላይ ግን አልደፍርም።

ደግሞ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ሆኖ ካገኘኸው ዩቲሲና የአገር ሰዓት ተምታተው ነው፣ ክሮኒን አትውቀሰው። ልክ 6 ሰዓት ከሆነማ አንዱ በሐበሻ ሰዓት ሞልቶልሃል፤ እኛ ቢሮ ሁለቴ ደርሷል።