14 ወር ሠርቼ 8 ወር ብቻ ይቆጠርልኛል?

ጥያቄ፦ የአንድ ዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅት ባለሙያ ነኝ። ዋናው ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ግን የምሠራው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉ ደንበኞቻችን ጋር ነው። ሥራ ከጀመርኩ 14 ወር ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ውሌም ደመወዜም በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል ነበር። አሁን ለንደን ያለው ቢሮ በዝውውር ሊወስደኝ ፈቃደኛ ነው። ባለትዳር ነኝ። ከየት ልጀምር?
መ.ተ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከፔሮል ይጀምሩ። በእንግሊዝ ለእንዲህ ዓይነት ዝውውር የሚሰጠው ቪዛ ሲኒየር ኦር ስፔሻሊስት ወርከር ይባላል። ከእንግሊዝ ውጭ በዚያው ድርጅት ቢያንስ 12 ወር መሥራትን ይጠይቃል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው የሚዛወርበት ደመወዝ በዓመት 73,900 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ነው። የኤጀንሲው 6 ወር አሠሪዎ ሌላ ስለነበር አይቆጠርም። ስለዚህ በእጅዎ ያለው 8 ወር ነው፤ 4 ይጎድልዎታል።

«ሰው ኃይል ክፍሉ 14 ወር ብሎ ይጻፍልኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ይተዉት። የጡረታ መዋጮዎ፣ የእርስዎ 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ በማን ስም እንደገባ መዝገቡ ያሳያል። ደብዳቤው አንድ፣ መዝገቡ ሌላ ከተናገረ ችግሩ ከጎደለው 4 ወር ይብሳል።

መጠበቅ ካልፈለጉ ስኪልድ ወርከር የሚባለው ቪዛ አለ። የ12 ወር ግዴታ የለበትም፤ የተለመደው የደመወዝ ወለልም 41,700 ፓውንድ ነው፣ የዝውውሩ ግን 52,500። በሁለቱም የሥራ መደቡ መነሻ ደመወዝ ከዚህ ከበለጠ የሚያዘው እሱ ነው። በምትኩ ስኪልድ ወርከር ቢ2 ደረጃ፣ ማለትም ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ድርጅቱ እሺ ካለ የሚሻለው ይኸኛው ነው፤ የዝውውሩ ቪዛ ወደ ቋሚ ነዋሪነት አይወስድም፣ ብዙውን ጊዜም በ6 ዓመት ውስጥ ከ5 ዓመት በላይ አያስቆይም። ድርጅቶች ግን ሠራተኛው ተመልሶ እንዲመጣላቸው ዝውውሩን ይመርጣሉ፤ ይህን ከአለቃዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት።

መንገዱ ከተመረጠ በኋላ የለንደኑ ቢሮ የስፖንሰርነት ሰርተፍኬት ያወጣል። ስሙ ሰርተፍኬት ይባል እንጂ በእጅ የሚያዝ ወረቀት አይደለም፤ ቁጥር ያለው የኮምፒውተር መዝገብ ነው፣ ከወጣም በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለብዎት። የቲቢ ምርመራውን አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ባጸደቀው ክሊኒክ ያድርጉ። ውጤቱ የሚያገለግለው 6 ወር ስለሆነ ሰርተፍኬቱ ሳይወጣ አይቸኩሉ።

ገንዘቡንም ከወዲሁ ይነጋገሩ። ቪዛ አመልካች በእንግሊዝ የመንግሥት ሕክምና ለመጠቀም አስቀድሞ የሚከፍለው የጤና ክፍያ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፣ የሚከፈለውም የቪዛው ዘመን በሙሉ በአንዴ ነው። ለ3 ዓመት ከባለቤትዎ ጋር 6,210 ፓውንድ ይሆናል፤ የማመልከቻው ክፍያ ለብቻው ነው። ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይያዝ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀን ላይ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ከመስከረም 1 ቀን 2017 ጀምሮ» ብሎ ሲተረጎም ዓመቱ እንዳለ ከተቀመጠ አንባቢው 7 ዓመት ይጨምርልዎታል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ደብዳቤው በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። የስም ፊደልም እንዲሁ ነው፦ ዮሐንስን ፓስፖርቱ በዋይ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬቱ በጄ ከጻፈው ሰርተፍኬቱን ያወጣው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ያስተካክልልዎት። የባልና ሚስት የአባት ስም መለያየት ግን ችግር አይደለም።

ጥያቄ፦ ለንደን ባይሳካ ሌላ አገርስ?

መልስ፦ ጀርመን በአይሲቲ ካርድ ለሚዛወር የምትጠይቀው የ6 ወር አገልግሎት ነው፤ የእርስዎ 8 ወር ይበቃል፣ ቆይታው ግን ለባለሙያ ቢበዛ 3 ዓመት ነው። የአሜሪካው የዝውውር ቪዛ፣ ኤል-1፣ ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ያልተቋረጠ 1 ዓመት ይፈልጋል። በተለይ ለአሜሪካ ከማመልከትዎ በፊት ሁለቱ ቢሮዎች በባለቤትነት መገናኘታቸውን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ፤ በማማከር ሥራ አንድ ስም ይዘው በየአገሩ ለየብቻ የተመዘገቡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው።